ሊማሊሞን የወጣ ወገብ

እትዬ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነሡት። አዲ አርቃይ ከደባርቅ ብርድ ወርዳ፣ ከሊማሊሞ ግርጌ ወደ ቆላው የተጠጋች ከተማ ስለሆነች ሰው ሥራውን ፀሐይ ሳትበረታ መጨረስ ይወዳል፤ እሳቸው ደግሞ ከሰውም ይቀድማሉ። አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ፣ ሌላውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው «በስመ አብ» እያሉ ከጠፍር አልጋቸው ይነሣሉ። መቀነታቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ። ከዚያ በር ሥር የተጋደመችውን አጭር መጥረጊያ ያነሡና እጥፍ ብለው፣ ግራ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጥለው፣ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ይጠርጋሉ።

ልጃቸው ከውስጥ ሆና ትጮኻለች። «እማዬ! ተይው አላልኩሽም? አረፍ በይ እንጂ!»

«አርፌ ምን ልሁን?» ይላሉ ቀና ሳይሉ።

የእናቴ ታናሽ እህት ናቸው። ዕድሜያቸውን በቁጥር አያውቁትም፤ የ66ቱ አብዮት ሲፈነዳ ግን አግብተው የመጀመሪያ ልጃቸውን አዝለው ነበር። እንግዲህ ሰባን ዘለዋል ማለት ነው። ወገባቸውን ያማቸው ከጀመረ አራት ዓመት አልፎታል። እኔም ልጠይቃቸው ስመጣ ባለ መደገፊያ የፕላስቲክ ወንበር ከጎንደር ገዝቼ፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ አመጣሁ። ክብሩ ለእሳቸው፣ ኩራቱ ለእኔ። በጣም መረቁኝ፤ ወንበሩን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት፤ ግን አልተቀመጡበትም።

በዚህ አገር ወገብ ብዙ ጊዜ የሚታመመው በሌላ ስም ነው። «ብርድ መታኝ» ይባላል፤ «ኩላሊቴ ነው» ይባላል። በገበያው ውስጥ ትግርኛ የሚናገሩት ግን «ሕቖይ» ብለው ወገቡን በስሙ ይጠሩታል፤ የከተማዋ ስም ራሱ «አዲ» በሚለው የትግርኛ ቃል በሚጀምርበት በዚህ አካባቢ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ቁና ይሰፈራሉ። ኩላሊት የተባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኩላሊት አይደለም። እውነተኛው የኩላሊት ሕመም ከጎድን አጥንት ሥር፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ይሰማል፤ ትኩሳት፣ ሽንት ማቃጠል ወይም እንደ ምጥ መጣ ሄድ የሚል ቁርጠት ይከተለዋል፤ ጎንበስ ቢሉም ቀና ቢሉም እምብዛም አይለወጥም። ጠዋት አስሮ የሚይዝ፣ ሲያጎነብሱ የሚብስ፣ ትንሽ ሲራመዱ ላላ የሚል ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የወገቡ የራሱ ነው። ከመቶ የወገብ ሕመምተኞች በ90ዎቹ ገደማ ላይ ደግሞ ሐኪሙ በጣቱ ጠቁሞ «የተበላሸው ይኸውና» የሚለው አንድ ነገር አይገኝም። ይህን ሲሰማ «ታዲያ ውሸቴን ነው?» ብሎ የሚቆጣ አለ። ሕመሙ እውነት ነው፤ ጡንቻው፣ ጅማቱ፣ መጋጠሚያው፣ ነርቩ፣ እንቅልፉና ሐሳቡ አንድ ላይ ሆነው ነው የሚያመጡት እንጂ አንድ ጥፋተኛ የለውም።

ወደ መጥረጊያዋ ልመለስ፤ ለካ ጉዳዩ የመጥረጊያዋ ብቻ ሳይሆን የሰዓቷም ነው።

በአከርካሪ አጥንቶች መካከል 23 ዲስኮች አሉ። ሌሊት ስንተኛ ጫናው ስለሚነሣላቸው እንደተዘፈዘፈ ባቄላ ውኃ ይጠጡና ያብጣሉ፤ ሰው ጠዋት ከማታው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያም በላይ የሚረዝመው ለዚህ ነው። ቀኑን በቆምንበትና በተሸከምንበት መጠን ውኃው ተጨምቆ ይወጣል። ያበጠ ዲስክ ደግሞ ሲያጎነብሱበት ይበልጥ ይወጠራል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ከአልጋ በተነሡባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት እንዳያጎነብሱ ብቻ አስተማረ። ሕመማቸው ቀነሰ። መድኃኒት የለ፣ መርፌ የለ፤ ጎንበስ ማለቱን ለረፋድ ማስተላለፍ ብቻ።

ይህን ለእትዬ ነገርኳቸው። «ቡና ከጠጡ በኋላ ቢጠርጉትስ?» አልኩ።

«ሳይጠረግ ቡና ይፈላል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ምን ይመለሳል? በእኛ ቤት ቡና የሚፈላው በተጠረገ ቦታ፣ በተጎዘጎዘ ሣር ላይ ነው። ጥናቱን የሠሩት ሰዎች ይህን አላሰቡበትም፤ እኔም ከጎንደር ስመጣ አላሰብኩበትም ነበር። መፍትሔውን ያመጣው የልጅ ልጃቸው ነው፤ መጥረጊያዋን እስከ ወገብ በሚደርስ የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ በገመድ ጠፍሮ አሰራት። እትዬ ሁለት ቀን «የመንግሥት ጠራጊ አስመሰላችሁኝ» እያሉ ሲያሾፉ ቆይተው በሦስተኛው ቀን ቆመው መጥረግ ጀመሩ።

ሕመሙ መቼ እንደጀመራቸው ጠየቅኳቸው። በ2013 ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ ሲደርስ ብዙው ሰው ወደ ደባርቅ ሸሽቷል። ሊማሊሞን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየቆረጠ ያጠማዘዘው መንገድ፣ መኪና እንኳ እያለከለከ የሚወጣው ነው። እትዬ በእግራቸው ወጡት፤ አንዲት ፌስታል ልብስና የልጅ ልጅ ይዘው። «ያን ዳገት ስወጣ ወገቤ ትዝም አላለኝ» ይላሉ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ተፈናቃዩ በየትምህርት ቤቱ ክፍል ተጠለለ። እዚያም ወጣቶቹ አከበሯቸው። ውኃ አትቅጂ፣ እንጨት አታንሺ፣ አንቺ አሮጊት ነሽ ቁጭ በይ አሏቸው። ወራት ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አሉ። «ስመለስ ከመሬት መነሣት አቃተኝ። ደባርቅ ብርዱ ገባብኝ።»

እሳቸው ብርዱ ይላሉ፤ እኔ ቁጭ ማለቱ እላለሁ። ማስረጃ የለኝም፤ ፍርሃቱም ነበረ፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ የሞተው ወንድማቸውም። አማርኛችን ሰው ደጋፊውን ሲያጣ «ወገቤ ተቆረጠ» ያሰኘዋል፤ ሐዘንና ፍርሃት የወገብን ሕመም እንደሚያባብሱት ሕክምናው ያረጋገጠው ዘግይቶ ነው።

ስለ ቁጭ ማለቱ ግን የምለው ከራሴ አይደለም። ለብዙ ዘመን ሐኪሞችም ለወገብ ሕመም የሚያዙት አልጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 203 ሕመምተኞች ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሱ ሁለት ቀን፣ ገሚሱ ሰባት ቀን እንዲተኛ ታዘዘ። ሰባት ቀን የታዘዘላቸው የተረፋቸው ነገር ቢኖር ከሥራ የቀሩበት ቀን መብዛቱ ነው። በ1995 በታተመና በፊንላንድ የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች ላይ በተደረገ ጥናት ደግሞ ከተኙትም፣ ልዩ የጀርባ እንቅስቃሴ ከታዘዘላቸውም ይልቅ ቶሎ ያገገሙት «ሕመሙ እንደፈቀደላችሁ የዘወትር ኑሯችሁን ኑሩ» የተባሉት ሆኑ። ምክንያቱ ከዲስኩ አመጋገብ ይጀምራል። የአዋቂ ሰው ዲስክ ውስጡ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡ ከዙሪያው ሰርጎ ነው የሚደርሰው፤ ጨመቅ ለቀቅ መደረጉም ያግዘዋል፣ ልክ ልብስ ሲታሽ ሳሙናው እንደሚገባው። ያልተንቀሳቀሰ ወገብ ይራባል። ጡንቻውም ይሟሽሻል፤ ከ30 ዓመት በኋላ ሰው በየአሥር ዓመቱ ከጡንቻው ከመቶ ከ3 እስከ 8 እጁን ያጣል፣ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። በመተኛት ሲሆን የዓመቱ በሳምንታት ይሄዳል።

እንዲህ ሲባል ግን አንድ ሌላ ስሕተት ይከተላል፤ በተለይ ከከተማ የምንመጣ ሰዎች የምንሳሳተው። «የገጠር ሰው ምን ስፖርት ያስፈልገዋል፣ ኑሮው ራሱ ስፖርት ነው» እንላለን። ይህን አባባል አልወደውም። የጤፍ አረም የነቀለ፣ ማጭድ ይዞ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ያጨደ፣ 20 ሊትር ጀሪካን በገመድ ጀርባው ላይ አዝሎ ዳገት የወጣ ሰው ስፖርት አልሠራም። ስፖርት ሲደክምህ የምትተወው ነገር ነው። አረም አይተውም፤ ዝናቡ አይጠብቅም፤ የጎረቤቱ ወንፈል ተራውን ይፈልጋል። 20 ሊትር ውኃ ማለት 20 ኪሎ ነው፣ በቀን ሁለቴ፣ ለሃምሳ ዓመት። እትዬ ጉልቻ ላይ ጎንበስ ብለው የጋገሩት እንጀራ ተቆጥሮ አያልቅም። ስለዚህ ለአዲ አርቃይ አሮጊት «ተንቀሳቀሺ» ማለት ስላቅ ነው፤ «አረፍ በይ» ማለት ደግሞ በፍቅር የሚሰጥ መርዝ ነው። የሚጠቅማት ሥራው ሳይቀማ መልኩ ሲለወጥላት ነው።

ልጃቸውን አልፈርድባትም። እናቷ ጀሪካን ተሸክማ ብትታይ ሰፈሩ የሚያማው እሷን ነው፤ «ልጅ እያላት ውኃ ትቀዳለች» ይባላል። በእኛ ዘንድ ሽማግሌን ማስቀመጥ ክብር ነው። ለሠርግም ለለቅሶም ትልቅ ሰው ሲመጣ የተቀመጠው ተነሥቶ ቦታ ይለቃል። መልካም ባህል ነው፤ ግን ከቀን ወደ ቀን፣ ከወር ወደ ወር ሲደጋገም ሰውየው ከመደቡ ጋር ይሰፋል። እናም ከእትዬ ልጅ ጋር ተደራደርን። ባለ 20 ሊትሩ ይቅር፤ እናትየው በባለ 5 ሊትር፣ በሁለት እጅ እየተቀያየረ፣ ረፋድ ላይ ይመላለሱ። ሰፈሩ ቢያማ እኔ እታማ አልኳት።

ወደ እትዬ ስመጣ ደባርቅ ላይ አንድ የፓርክ ስካውት አግኝቼ ነበር። የሰሜን ተራሮችን የሚጎበኝ እንግዳ ያለ ስካውት አይገባም፤ ጠመንጃቸውን አንግተው ከሳንካበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ቸነቅ በእግር የሚሄዱት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዱ ጉዞ በሶና ቁልቁል ወርዶ፣ በመካረቢያና በሙሊት አድርጎ እዚሁ አዲ አርቃይ ያልቃል። ሰውየው ስድሳን አልፈዋል። ሺበታቸውን ሳይ ቁልቁለቱን እንዴት እንደሚችሉት ጠየቅኳቸው።

«ዳገት ትንፋሽ ነው የሚፈልገው፤ ቆመህ ትሰበስበዋለህ። ቁልቁለት ግን ጉልበትና ወገብ ይመታል» አሉኝ። «ፈረንጁ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እኔ ገደም ገደም እያልኩ፣ እርምጃዬን አሳጥሬ ነው የምወርደው። ዕቃውን በቅሎ ትሸከም።»

ፊዚዮቴራፒስት ቢሆኑ ከዚህ የተለየ የሚነግሩኝ አይመስለኝም። ቁልቁል ስንወርድ የጭናችን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ፍሬን የሚይዘው፤ እርምጃ ባጠረ ቁጥር እያንዳንዱ ምት ይቀላል። አንድ ነገር ብቻ አልተስማማንም። ዱላቸውን እንደ አገሩ ወግ ማጅራታቸው ላይ አጋድመው ሁለት እጃቸውን አንጠልጥለውበታል። ለምን አይመረኮዙበትም ስላቸው «ገና ነኝ!» ብለው ተቆጡ። ወንዱ ዱላን ለጌጥ ይዞ ኖሮ ለድጋፍ ማውረድ ሲመጣ ሞቱ ይመስለዋል። ጉልበት ወይም ዳሌ ለሚያመው ዱላ በማያመው እግር በኩል ሲያዝ የታመመው መጋጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል፤ ብዙ ሰው የሚይዘው በሚያመው በኩል ስለሆነ እንጂ ዱላ ሰው ያድናል።

ስለ እግር ጉዞ በቅርቡ የወጣ ደስ የሚል ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ከወገብ ሕመም ገና ያገገሙ 701 ሰዎች ተመረጡ። ገሚሱ ቀስ በቀስ እያሳደጉ በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ወደ መራመድ እንዲደርሱ በፊዚዮቴራፒስት ተመከሩ፤ ገሚሱ እንደወትሮው ኖሩ። ያልተራመዱት ላይ ሕመሙ በመካከለኛ ግምት በ112 ቀን ሲመለስ፣ የተራመዱት 208 ቀን ቆዩ። ሕመሙ ለዘላለም ይጠፋል ያለ የለም። ልዩነቱ አንድ ሙሉ የአጨዳ ወራት ነው፤ ለገበሬ ትንሽ አይደለም።

አሁን ላም ስለሸጠው ሰው ልናገር። ከዳባት መንገድ የማውቀው ጎልማሳ ወገቡን ታሞ ጎንደር ወረደ። ላሙን ሸጦ ኤም.አር.አይ. የሚባለውን ፎቶ ተነሣ። ወረቀቱ ላይ «ዲስክ መንሸራተት» የሚል ተጻፈበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርፍ አልጨበጠም፤ ዲስኩ ሾልኮ የሚወድቅ ይመስለዋል። ላሟም ሄደች፣ ጤናውም አልመጣ። ማንም ያልነገረው ይህን ነው፦ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸውን ሰዎች ፎቶ መረመረ። ከ20 ዓመት ወጣቶች እንኳ ከመቶ 37ቱ ዲስካቸው አርጅቶ ተገኘ፤ የ80 ዓመቶቹማ ከመቶ 96ቱ። የዲስክ እርጅና እንደ ሺበት ነው። ሺበት ያለው ሁሉ ራሱን አያመውም።

ፎቶውና ሐኪሙ የግድ አስፈላጊ የሚሆኑባቸው ጊዜያት ግን አሉ፤ እነዚህን የሚያቃልል ይህን ጽሑፍ ባያነብ ይሻላል። ሕመሙ ሌሊት ተኝቶም የማይለቅ ከሆነ፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ካለ፣ ሰውነት ከከሳ የአከርካሪ ቲቢ መጠርጠር አለበት። አገራችን የቲቢ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ ቲቢም በሳንባ ብቻ አይወሰንም። ጥሬ ወተት ለሚጠጣ ከብት አርቢ ብሩሴሎሲስም እንዲሁ ወገብ ላይ ይቀመጣል። በዕድሜ የገፉ ሴቶች ትንሽ ወድቀው ወይም ዕቃ አንሥተው ድንገት ኃይለኛ ሕመም ከያዛቸው የሳሳ አጥንት ተሰብሮ ይሆናል። እግር ከዛለ፣ በጭኖች መካከል ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ አልታዘዝ ካለ ደግሞ ቀጠሮ የለውም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። እንዲህ ያለውን ወገብ ወጌሻ አይንካው። ወጌሻን አልንቅም፤ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ አይቻለሁ። በቲቢ የተበላ አከርካሪ ሲጫኑት ግን ይናዳል።

ሌላው ዳይክሎፍናክ ነው። መርፌውም ክኒኑም በየፋርማሲው አለ። ለጥቂት ቀን ሕመም አስታግሦ ሰውን ያስነሣል፣ ጥሩ ነው። በየቀኑ ከቡና ጋር የሚዋጥ ሲሆን ግን ጨጓራ ይበሳል፣ ደም ግፊት ያስነሣል፣ ያንኑ ያልታመመውን ኩላሊት ያሳምመዋል። «ኩላሊቴ ነው» ብሎ የጀመረ ሰው በመጨረሻ እውነቱን ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም የመጀመሪያውን መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው፤ በ2020 ብቻ 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም ነበረበት። መመሪያው ትምህርትን፣ የሰውነት እንቅስቃሴን፣ መታሸትን ሲደግፍ የወገብ ቀበቶን እንደ ሕክምና አይመክርም። ይህን ሳነብ የእትዬ መቀነት ትዝ አለኝ። ከወለዱበት ቀን ጀምሮ የጠመጠሙት ነው። ፍቺው አልላቸውም። መቀነት ልብስ ነው፣ ገንዘብ መቋጠሪያ ነው፣ ወግ ነው። የሚያሳስበኝ «መቀነቴ ካልጠበቀ አልነሣም» ሲሉ ነው፤ የሆድና የወገብ ጡንቻ ሥራውን ለጨርቅ ለቅቆ እንዳይሰንፍ እሰጋለሁ። ጠዋት ሲነሡ ጠበቅ፣ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ላላ እንዲያደርጉት ተስማማን። ይኼኛው ክርክር ከሁሉም ቀለለኝ።

ጉልበትን በተመለከተ ስለ እርጅና ያለኝን ሐሳብ የለወጠው አንድ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው በዚህ ጥናት ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ ያሉ፣ በአማካይ 90 ዓመት የሆናቸው አሥር ሰዎች ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ ተደረገ። የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ በ174 ከመቶ ጨመረ። ብረት አዲ አርቃይ የት ይገኛል እንዳይባል በርጩማ አለ። እጅ ሳይደገፉ ከዝቅተኛ በርጩማ መነሣትና መቀመጥ፣ አሥር ጊዜ፣ አረፍ ብሎ እንደገና፤ ጂም የሚባለው ቤት ለጭን የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ስግደትም አለ። ሙስሊሙ በቀን በግዴታው ሶላት ብቻ 17 ረከዓ ያጎነብሳል፣ ይሰግዳል፣ ይነሣል። ክርስቲያኑ በሰሙነ ሕማማት የሚሰግደውን ራሱ ያውቀዋል፤ ችግሩ ዓመቱን ሙሉ ያልሰገደ ወገብ በአንድ ሳምንት ሲጠየቅ ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ እንደ አቅሙ ብለዋል። ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሰው የሚመከረው በሳምንት ከ150 ደቂቃ ጀምሮ መንቀሳቀስና ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛንና ጉልበት የሚፈትን ነገር መሥራት ነው፤ ሚዛኑ የሚያስፈልገው በክረምት ጭቃ እንዳይወድቁ ነው።

ይህን ሁሉ ማን ይንገራቸው? ፊዚዮቴራፒ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፤ ሩቅ ነው። ዳባት ላይ ዩኒቨርሲቲው ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያካሂደው የምርምር ማዕከል ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ይመዘግባል። ወገብ አይገድልም፤ ስለዚህ ሞት መዝገብ ውስጥ ቦታ የለውም። በየቀበሌው ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ መጸዳጃ ቤት አስቆፍረዋል፣ እናቶችን ጤና ጣቢያ አስወልደዋል። ምጣዱን በድንጋይና በጭቃ ወገብ ድረስ ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ ብለው ለማስተማር የሚከብዳቸው አይመስለኝም።

በምመለስበት ጠዋት እትዬ ቆመው ጠርገው ጨርሰዋል። ልብስ ሊያጥቡ ሳፋ እየፈለጉ ነበር። ወንበሩን ከጥግ ጎትተው አመጡት። በመጨረሻ ሊቀመጡ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሳፋውን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ውኃ ሞሉበት፤ እጃቸውን ከተቱ፤ ቀጥ ብለው ቆመው ማሸት ጀመሩ።

«ወንበርህ ልክ ነው» አሉኝ። «ከፍታው ደኅና ነው።»